ሊፈጸም የማይችል ምክር የሰጠ ሰው ከደሙ ንጹሕ ነውን?



ገንዘብ አበድሩ ስንባል ኪሳችንን እንዳብሳለን፤ ጉልበት አዋጡ ስንባል ጊዜ የለንም እንላለን፤ ምክር ስጡ ስንባል ግን ሁላችንም ባለጸጎች ነን። ምክር እንደ ቸርነት የሚቆጠር፣ ሰጪውን ግን ምንም የማያስከፍል ነገር ስለሚመስለን ሳንቆጥብ እንሰጠዋለን። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ቢል መከራ ይምከረው» የሚለው ተረታችንም ጥፋቱን በተመካሪው ላይ ጥሎ መካሪውን በነጻ የሚያሰናብት ነው። ተመካሪው በእርግጥ «እምቢ» ያለ እንደሆነ ፍርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ታዲያ «እምቢ» ሳይል፣ እንዲያውም ከልቡ እየፈለገ፣ መፈጸም ቢያቅተውስ?

በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው። ይኸውም፦ በራሱ ትክክል የሆነ፣ ነገር ግን ተመካሪው ሊፈጽመው የማይችለውን ምክር የሰጠ ሰው፣ ከዚያ በኋላ በሚደርሰው ጉዳት እጁን ታጥቦ «ከደሙ ንጹሕ ነኝ» ለማለት ይችላልን? ጥያቄውን በሐሳብ ደረጃ ብቻ ብናነሣው አንዱ «ይችላል»፣ ሌላው «አይችልም» ብሎ በቀላሉ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆኖ ወደተነሣበት ቦታ ወስደን ብናየው ይሻላል። ቦታው የአህጉራችን ደቡባዊ ክፍል፣ ማለትም ደቡብ አፍሪቃ፣ ቦትስዋና፣ ዚምባብዌ፣ ዛምቢያና ማላዊ ነው። ጉዳዩም ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ ያለባት እናት የወለደችውን ሕፃን ምን ትመግበው የሚለው ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ ከሥሩ እንጀምር። ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በሦስት ጊዜያት ነው፤ በማኅፀን ሳለ፣ በምጥና በወሊድ ሰዓት፣ ከተወለደም በኋላ በጡት ወተት አማካይነት። በጡት ወተት ሊተላለፍ መቻሉ በ1985 ከአውስትራሊያ በወጣ የሐኪሞች ሪፖርት ተገለጸ። ምንም ዓይነት መድኃኒትና ጥንቃቄ ያልተደረገ እንደሆነ፣ ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት መካከል ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ይያዛሉ። ከእነዚህም ከፊሎቹ የሚያዙት በመጥባት ነው። በደቡብ አፍሪቃ በ2000 በመንግሥት ክሊኒኮች በተደረገው ጥናት ከ100 ነፍሰ ጡሮች በ24.5ቱ ደም ውስጥ ቫይረሱ ተገኝቷል፤ ከአራት እናቶች አንዷ ማለት ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን አንዲት እናት ልጇን ወደ ጡቷ ስታስጠጋ ሕይወት እየሰጠችው ይሁን ሞት ለይታ ለማወቅ የምትችልበት መንገድ አልነበረም።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ መልሱ ቀላል ይመስለዋል፤ «ጡት አታጥቢ፣ የዱቄት ወተት ስጪ» ማለት ነው። በሀብታሞቹ አገሮች የተሰጠው ምክር ይኸው ነበር፤ የቧንቧ ውኃ በየቤቱ ስላለ፣ ምድጃውም በአንድ ጣት ስለሚበራ በዚያ ሠርቷል። ይሁን እንጂ የእናት ጡት ወተት ምግብ ብቻ ሳይሆን የሕፃኑ መከላከያ ጋሻም ጭምር ነው። በ2000 የዓለም የጤና ድርጅት ከታዳጊ አገሮች አሰባስቦ ያወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ጡት የማይጠባ ሕፃን በተላላፊ በሽታ የመሞት አደጋው ከሚጠባው ሕፃን ስድስት እጥፍ ያህል ነው። ዋነኞቹ ገዳዮችም ተቅማጥና የሳንባ ምች ናቸው። የዱቄት ወተቱ በራሱ መርዝ ሆኖ አይደለም። የሚገድለው ከወንዝ የተቀዳው ውኃ ነው፤ በደንብ ያልታጠበው ጡጦ ነው፤ ውኃ ለማፍላት ማገዶ መታጣቱ ነው፤ ጣሳው ከወሩ በፊት ሲያልቅ እናትየዋ እንዲበቃላት ብላ ማቅጠኗ ነው።

ስለዚህ ምርጫው በሕይወትና በሞት መካከል ሳይሆን በሁለት ዓይነት ሞት መካከል ሆነ። በአንዱ መንገድ ቫይረሱ አለ፤ በሌላው መንገድ ተቅማጥ አለ። ሴትየዋ ከድጡ ስትሸሽ ወደ ማጡ ትገባለች።

በዚህ ጊዜ ባለሙያዎች ያወጡት ምክር ምን ነበር? በ2000 ገደማ የዓለም የጤና ድርጅት እንዲህ የሚል መመሪያ ሰጠ። የዱቄት ወተቱ በእናቲቱ አካባቢ ተቀባይነት ያለው፣ ለማዘጋጀት የሚቻል፣ ዋጋው የማይከብድ፣ አቅርቦቱ የማይቋረጥና ከአደጋ የራቀ ሆኖ ከተገኘ፣ ቫይረሱ ያለባት እናት ጡት ፈጽሞ አታጥባ፤ ይህ ካልሆነ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ጡት ብቻ ታጥባ፤ ሁለቱን አታደባልቅ። የክሊኒኩ አማካሪ ሥራ ይህንን አስረድታ «እንግዲህ የሚሻልሽን ምረጪ» ማለት ነበር። ቃሉን ብቻ ካየነው እንከን አይወጣለትም። የእናቲቱን ነጻነት ያከብራል፤ እውነቱን አይደብቅባትም፤ በግድ አይጫንባትም።

ነገር ግን ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችውን እናት እናስባት። የምትኖረው በባሏ ወላጆች ቤት ነው። ስለ ደሟ ምርመራ ለባሏ አልነገረችም፤ ብትነግረው ከቤት ሊያስወጣት እንደሚችል ታውቃለች። በመንደሩ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዞ መታየት ማለት «በሽታው አለብኝ» ብሎ እንደ መጮኽ ነው። ውኃው ሩቅ ነው። ከአምስቱ ሁኔታዎች ስንቱ ይሟላላታል? እርሷ ግን «ጡትሽ ልጅሽን ሊገድለው ይችላል» የሚለውን ከሰማች በኋላ ሌላው ሁሉ አይሰማትም። ጣሳውን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ቀን ሰው በሌለበት ጡጦ ትሰጣለች። ማታ አማቷ «ልጄ፣ ሕፃኑ እኮ እያለቀሰ ነው፤ ምነው አታጠቢውም?» ሲሏት ጡቷን ታወጣለች። በሦስተኛው ወር አማቷ እንደ አገሩ ልማድ ቀጭን ገንፎ ያቀምሱታል። እርሷም ዝም ትላለች፤ ምን ብላ ትከልክላቸው?

ማንም ያልመከራት፣ እርሷም ያልመረጠችው ሦስተኛ መንገድ ይህ ነው። ከሦስቱም መንገዶች የከፋው እርሱ እንደሆነ ምርምር አረጋገጠ። በ1999 በደርባን ከተማ የተካሄደ ጥናት ውጤት ሲወጣ፣ በሦስት ወር ዕድሜያቸው ቫይረሱ የተገኘባቸው ጡት ብቻ ከጠቡት መካከል ከመቶ 14.6፣ ፈጽሞ ካልጠቡት መካከል 18.8፣ ጡትና ሌላ ነገር ተደባልቆ ከተሰጣቸው መካከል ግን 24.1 ነበሩ። በዚምባብዌ ርእሰ ከተማ በሐራሬ ከ14,000 በላይ እናቶችና ሕፃናት የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት በ2005 እንዳመለከተው፣ ገና ከመጀመሪያው የተደባለቀ ምግብ የጀመሩት ሕፃናት በስድስት ወር ውስጥ በጡት የመያዝ አደጋቸው ጡት ብቻ ከጠቡት አራት እጥፍ ነበር። በ2007 ከክዋዙሉ ናታል የወጣውም ጥናት፣ ከጡት ጋር ጠጣር ምግብ የተጨመረላቸው ሕፃናት አደጋቸው ወደ 11 እጥፍ እንደሚደርስ አሳየ። ምክንያቱ የሕፃኑ አንጀት ገና ስስ ስለሆነ፣ ባዕድ ምግብ ሲቆጣው ለቫይረሱ በር ይከፍታል ተብሎ ይገመታል።

እንግዲህ አንባቢ ያስተውል። መካሪዋ «አታደባልቂ» ብላ ነበር። ቃሏ ትክክል ነበር። የሆነው ግን መደባለቅ ነው። ጥፋቱ የማን ነው? «ተነግሯት ነበር» ብንል እውነት ነው። ሆኖም የተነገራት ነገር በቤቷ ደጃፍ ላይ እንደሚቀር ለማወቅ አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ይበቃ ነበር፤ «ማታ አማትሽ ባሉበት ምን ታደርጊያለሽ?» የሚል። ይህን ያልጠየቀ መካሪ የሚያውቀውን ተናገረ እንጂ መከረ ሊባል አይችልም። ምክር ማለት ለዚህች ሰው፣ በዚህ ቤት፣ በዚህ ሌሊት የሚሆን ነገር ማለት ነው።

ምናልባት «ችግሩ ድህነት ነው፤ መንግሥት ወተቱን በነጻ ቢሰጥ ይፈታል» የሚል ይኖራል። ይህንንም በቦትስዋና እንመልከተው፤ የቦትስዋና መንግሥት ከማንም በፊት ቸርነት አሳይቷልና። ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚያደርገውን ፕሮግራም በ1999 ጀምሮ ወደ መላ አገሪቱ አስፋፋ፤ ቫይረሱ ላለባቸው እናቶችም የዱቄት ወተት በነጻ ያድል ነበር። በዚያው አገር 1,200 ያህል እናቶች የተሳተፉበት ምርምር ተካሂዶ ውጤቱ በ2006 ወጣ። ከእናቶቹ ግማሾቹ የዱቄት ወተት፣ ግማሾቹ ደግሞ ሕፃኑ መድኃኒት እየወሰደ ጡት እንዲሰጡ በዕጣ ተመድበው ነበር። በሰባት ወር ቫይረሱ የተገኘባቸው ሕፃናት በዱቄት ወተቱ ወገን ከመቶ 5.6፣ በጡቱ ወገን 9.0 ሆኑ። እዚህ ላይ ብናቆም ወተቱ አሸነፈ እንል ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰባት ወር የሞቱት በወተቱ ወገን ከመቶ 9.3፣ በጡቱ ወገን 4.9 ነበሩ። በ18ኛው ወር የተያዙትና የሞቱት አንድ ላይ ሲቆጠሩ በወተቱ 13.9፣ በጡቱ 15.1 ሆኖ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በአንድ እጅ የዳነው በሌላ እጅ ተወሰደ።

ከዚያም ዝናብ ጣለ። በ2005 መጨረሻና በ2006 መጀመሪያ በቦትስዋና ከባድ ዝናብና ጎርፍ ሆነ፤ ውኃው ተበከለ፤ በሕፃናት ላይ የተቅማጥ ወረርሽኝ ተነሣ። በዚያ ጥቂት ወራት ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ከ500 በላይ ሕፃናት በተቅማጥ መሞታቸው ተመዘገበ። ሐኪሞች በሆስፒታል የተኙትን ሕፃናት ሲመረምሩ አብዛኞቹ ጡት የማይጠቡ ሆነው ተገኙ። አብዛኞቹ በቫይረሱ አልተያዙም ነበር። ይህን ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካኝ ይህ ነው፤ ከቫይረሱ እንዲድኑ ተብሎ ጡት የተነፈጋቸው፣ በእርግጥም ከቫይረሱ የዳኑ ሕፃናት፣ በውኃ ሞቱ። የሰጠቻቸው እጅ ክፉ አልነበረችም፤ ቸር ነበረች። ቸርነቷ ግን ጣሳውን ሰጠ እንጂ ንጹሕ ውኃውን አልሰጠም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው የሌለውን ላለው ሰው ነበር፤ እዚህ ግን ወተቱ በእጅ ላይ ሳለ ሰማይ የዘጋው ውኃውን ነው።

በዛምቢያ ርእሰ ከተማ በሉሳካ ደግሞ ሌላ አሳብ ተሞከረ። ሕፃኑ እስከ አራት ወር ጡት ብቻ ጠብቶ በድንገት ይጣል፤ የመጀመሪያውን ጥበቃ አግኝቶ ከኋለኛው አደጋ ያመልጣል ተባለ። አሳቡ ብልህ ነው። 958 እናቶች ተሳተፉ፤ በ2008 ውጤቱ ሲወጣ ግን ጡት በድንገት ማስጣሉ በ24 ወር ከቫይረሱ ነጻ ሆነው በሕይወት የተገኙትን ሕፃናት ቁጥር ይህን ያህል አልለወጠውም። አስቀድመው በቫይረሱ ተይዘው የነበሩት ሕፃናት ግን ጡት ሲጣሉ ይበልጥ ሞቱ።

ከነዚህ ምርምሮች የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ስለ ቁጥር ነው። አንድ ሰው የሚቈጥረው ነገር መልካም ብሎ የሚጠራውን ነገር ይወስንበታል። በቫይረሱ የተያዙትን ብቻ የቈጠረ ሰው ጣሳውን ያመሰግናል። የሞቱትን ሁሉ የቈጠረ ሰው ግን ይደነግጣል። ተመራማሪዎቹ ኋላ ላይ «ከቫይረሱ ነጻ ሆኖ በሕይወት መገኘት» የሚል መለኪያ መጠቀማቸው የሒሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሞራልም ጉዳይ ነው። ለእናት ልጇ አንድ ነው፤ በኤድስ ሞተ ወይም በተቅማጥ ሞተ ለመቃብሩ ለውጥ የለውም። የበሽታ ባለሙያ በሽታውን ሊያሸንፍ ይፈልጋል፤ እናት ግን ልጇ እንዲያድግላት ትፈልጋለች። ምክሩ የሚሰጠው ለማን ፍላጎት እንደሆነ መካሪው ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። አንደኛው ተቃውሞ እንዲህ ይላል፦ «ነርሷ የአገሩን ድህነት አልፈጠረችም፤ ጉድጓድ አልቈፈርሽም፣ አማቷን አላሳመንሽም ተብላ ልትወቀስ አይገባም።» ይህ እውነትነት አለው። በቀን ስልሳ እናቶችን የምታይ ነርስ የምትችለው ጥቂት ነው። እኔም የምለው ጥፋቱ ሁሉ በእርሷ ላይ ይውደቅ አይደለም። ምክሩ የአንዲት ነርስ አይደለም፤ ከበላይ ወጥቶ፣ ታትሞ፣ በእርሷ አፍ የተነገረ ነው። ስለዚህ ምክሩን ያወጡት ሁሉ፣ ማለትም ተመራማሪው፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ገንዘብ ሰጪውም፣ የዕዳው ተካፋዮች ናቸው። ዕዳው ሲከፋፈል ይቀላል እንጂ አይጠፋም። ዕዳው በትክክል ሲከፈል ምን እንደሚመስልም አይተናል። በክዋዙሉ ናታል በነበረው ጥናት ሠልጣኝ አማካሪዎች እናቶቹን በየቤታቸው እየሄዱ ይጎበኙ ነበር። በዚያም ከመቶ 83 የሚሆኑት እናቶች ጡት ብቻ መስጠት ጀመሩ፤ ብዙዎቹም ለወራት ዘለቁበት። የማይቻል የተባለው ነገር ረዳት ሲገኝለት ተቻለ። ጉድለቱ በእናቶቹ ፈቃድ ላይ ሳይሆን በብቸኝነታቸው ላይ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ነጻነት ነው። «እናቲቱ ራሷ ትምረጥ፤ ለእርሷ መምረጥ ንቀት ነው» ይላል። ይህም ቢሆን ከባድ ቃል ነው። ሆኖም ምርጫ የሚባለው ሁለቱም በሮች ሲከፈቱ ነው። አንዱ በር በድህነት፣ ሁለተኛው በፍርሃት ተዘግቶ ሳለ «ምረጪ» ማለት ነጻነትን ማክበር ሳይሆን፣ ማንም ሊሸከመው ያልወደደውን ሸክም በደካማዋ ትከሻ ላይ ማሳረፍ ነው። ልጁ ቢሞት «የመረጥሽው አንቺ ነሽ» ለማለትም ያመቻል። በሌላ በኩል ደግሞ መንግሥት ለሁሉም አንድ መንገድ ሲመርጥ፣ ለብቻቸው ሲታዩ ሌላው መንገድ የሚሻላቸው ጥቂት እናቶች ይጎዳሉ። ደቡብ አፍሪቃ በነሐሴ 2011 በመንግሥት የጤና ተቋማት የዱቄት ወተት በነጻ ማደል እንዲቆም ስትወስን ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በእኔ አስተያየት ለብዙኃኑ የሚበጀውን ለይቶ በግልጽ መምከርና ለዚያም ድጋፍ ማቅረብ ነጻነትን አይነካም፤ ምክንያት ያላት እናት ስትመጣ ጆሮ እስካልተነፈጋት ድረስ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደኝ ነው፤ ምክንያቱም የእኔኑ አሳብ በእኔው ላይ ያዞረዋል። «ሁኔታው ካልተሟላ ምክር ዋጋ የለውም ካልህ፣ እንግዲያው ሁሉ እስኪሟላ ምንም አንስጥ» ይላል። ይህ በአሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። በ1999 በኡጋንዳ የተካሄደ ምርምር፣ ኔቪራፒን የተባለው መድኃኒት አንድ ጊዜ ለእናት፣ አንድ ጊዜ ለሕፃኑ ሲሰጥ የመተላለፉን አደጋ ወደ ግማሽ እንደሚቀንሰው አሳየ። የመድኃኒቱ አምራች ለታዳጊ አገሮች ለአምስት ዓመት በነጻ እሰጣለሁ አለ። የደቡብ አፍሪቃ መንግሥት ግን በ18 የሙከራ ጣቢያዎች ብቻ ወስኖት፣ በሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎች ያሉ ሐኪሞች እንዳይሰጡ አደረገ። ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱም የምክር አገልግሎቱና የወተት አቅርቦቱ በየቦታው አልተሟላም የሚል ነበር። በሐምሌ 2002 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ክልከላው ተገቢ አይደለም ብሎ መድኃኒቱ እንዲሰጥ አዘዘ። ፍርዱ ትክክል ነበር። «ይህን ለመፈጸም ምን ይጎድልሻል?» ብሎ መጠየቅ የጎደለውን ለመሙላት እንጂ ያለውንም ለመከልከል አይደለም። ለተራበ ሰው ወጥ የለም ተብሎ እንጀራው አይነፈግም። መጠየቅ ሰበብ ከሆነ፣ ሳይጠይቁ ከመምከር የባሰ ክፋት ነው።

ታዲያ ነገሩ በምን ተፈታ? የተፈታው አንዱን ሞት ከሌላው በማስበለጥ ሳይሆን መንታውን መንገድ ራሱን በማስቀረት ነው። በ2010 የወጡ ሁለት ምርምሮች በሩን ከፈቱት። በቦትስዋና እናቶች በእርግዝናቸውና በሚያጠቡበት ስድስት ወር ሁሉ ሦስት መድኃኒቶችን አንድ ላይ ሲወስዱ፣ በቫይረሱ የተያዙት ሕፃናት ከመቶ 1.1 ብቻ ሆኑ። በማላዊ ርእሰ ከተማ በሊሎንግዌ በተካሄደው ደግሞ፣ በሁለት ሳምንታቸው ከቫይረሱ ነጻ ከነበሩት ሕፃናት እስከ 28ኛው ሳምንት የተያዙት፣ በማጥቢያው ጊዜ መድኃኒት ባልተሰጠበት ወገን ከመቶ 5.7 ሲሆኑ፣ እናቲቱ መድኃኒት ስትወስድ 2.9፣ ሕፃኑ ራሱ ሲወስድ 1.7 ሆኑ። በዚያው ዓመት የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያውን ለወጠ፤ እናት መድኃኒት እየወሰደች ወይም ለሕፃኑ እየሰጠች ጡት ታጥባ አለ። ማላዊ በ2011 ቫይረሱ ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች ሁሉ ዕድሜ ልካቸውን መድኃኒት እንዲያገኙ በመወሰን ቀዳሚ ሆነች። ጎርፉ ያን ያህል ሕፃናት የወሰደባት ቦትስዋና ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍን ለማጥፋት ባደረገችው ጥረት በ2021 ከዓለም የጤና ድርጅት የብር ደረጃ ዕውቅና አገኘች፤ በሽታው እጅግ ከተስፋፋባቸው አገሮች ለዚህ የበቃች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት።

የዚህ መድኃኒት ጥቅም በሰውነት ውስጥ ብቻ አይደለም። እናቲቱ በአማቷ ፊት ልታጠባ ትችላለች፤ ጣሳ አትደብቅም፤ ውኃ አትፈራም። ምክሩ ከሕይወቷ ጋር መጋጨቱን ተወ። ከሁሉም በላይ፣ ቀድሞ ሁሉም ስለ ሕፃኑ ብቻ ሲጨነቅ የተረሳችው እርሷ ራሷ ታከመች። ልጅን ለማዳን ከሁሉ አስቀድሞ እናቱን ማዳን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ይህን ያህል ዓመትና ይህን ያህል ሕፃናት መፍጀቱ ያሳዝናል።

ነገር ግን ዕዳው አልተዘጋም። ዛሬ ለእናቲቱ «አጥቢ» የሚለው ምክር የቆመው በመድኃኒቱ ላይ ነው። በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀን ሲያግድ፣ በዚሁ ገንዘብ ይተዳደሩ የነበሩ በደቡባዊ አፍሪቃ ያሉ አገልግሎቶች ተቋረጡ፤ የተዘጉም አሉ። መድኃኒቱን ታምና ጡቷን የሰጠች እናት መድኃኒቱ ሲቋረጥባት ምን ትሁን? ትናንት ጣሳው እንደ ተሰጣት ውኃው ግን እንዳልተሰጣት፣ ዛሬም ቃሉ ተሰጥቷት ኪኒኑ ሊቀርባት ነው። ከዚህ እንደምናየው የመካሪ ኃላፊነት ምክሩን በተናገረበት ቀን አያበቃም፤ ተመካሪው በምክሩ ላይ ተደግፎ እስከ ቆመ ድረስ ይቀጥላል። ሰውን በድልድይ ላይ እንዲሻገር መክሮ፣ መሐል ሲደርስ እንጨቱን የሚነቅል ሰው «ምክሬ ትክክል ነበር» ቢል ማን ይሰማዋል?

ወንድሞችና እኅቶች፤ ለተነሣው ጥያቄ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው። ትክክለኛ ምክር የሰጠ ሰው በመስጠቱ ብቻ ከደሙ ንጹሕ አይሆንም። ነጻ የሚያወጣው አንደኛ፣ የተመካሪውን ቤትና ዐቅም መጠየቁ፤ ሁለተኛ፣ የጎደለውን ለመሙላት በሚችለው መጠን እጁን ማስገባቱ፤ ሦስተኛ፣ ምክሩ ያመጣውን ፍሬ ተመልሶ ማየቱና ስሕተት ሆኖ ሲገኝ ለመለወጥ አለማፈሩ ነው። ለምርምር ሰዎቹ ክብር የምሰጠው በዚህ ነው፤ የራሳቸውን ምክር ውጤት ቈጠሩ፣ ቁጥሩ ሲነቅፋቸውም ሳይደብቁ ጻፉት።

ከመካከላችን ነገ ሐኪም፣ መምህር፣ የእርሻ ባለሙያ፣ ዳኛ የሚሆኑ አሉ። ዛሬም ቢሆን ለታናሽ ወንድም «አጥና»፣ ለጎረቤት «ልጅሽን አሳክሚ»፣ ለተቸገረ ጓደኛ «ጠንክር» ማለት ልማዳችን ነው። ቃሉ መልካም ነው። ከቃሉ ጋር ግን አንዲት ጥያቄ እንጨምር፤ ወንድማችን የሚያጠናበት መብራት አለው ወይ? ጎረቤታችን ለካርድ የምትከፍለው አላት ወይ? ጥያቄዋ አጭር ናት፤ የምትከፈተው በር ግን ወደ ሥራ ስለምታስገባ ብዙዎቻችን ሳንጠይቅ ማለፍን እንመርጣለን።